ሻወር ያልጠየቅኩበት ክረምት

ሰኞ

ዝናቡ ዛሬ ገባ፤ አዲሶቹ ምልምሎችም አብረውት ገቡ። ሁለቱም ጭቃ ይዘው። ወደ ምድር ቤቱ ተኩስ ክፍላችን የሚያወርደው ደረጃ ጫማ በጫማ ሆነ። አዛዡ አሰልጣኞቹን ሰብስቦ፣ "ክረምቱ ሳይወጣ ይሄ ሁሉ ሰው ሽጉጥ ተፈትኖ ማለፍ አለበት፤ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶችም መጥተው ያያሉ" አለን። ከዚያ እኔን ለብቻ አስቀረኝ።

"ሳጅን፣ ዋና አሰልጣኙ ጡረታ እየወጣ ነው። ይሄን ዙር በሰላም ካወጣሽልኝ ወንበሩ ያንቺ ነው።"

"እሺ ጌታዬ" አልኩ፣ እንደ ደንቡ ቀጥ ብዬ። በሆዴ ግን እልል እያልኩ ነበር። እዚህ ቤት ሴት ዋና አሰልጣኝ ሆና አታውቅም። ሴት አሰልጣኝ ራሱ ከእኔ በፊት አልነበረችም።

አንድ ነገር ብቻ። የባሩዱን ጭስ ወደ ውጭ የሚስበው ትልቁ ማራገቢያ ቆሟል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ ሞተሩን አሸተተና "ተቃጥሏል" ብሎ ሄደ። አዛዡ "በሩን ክፈቱት፣ አየር ይገባል" አለ። በሩ የሚከፈተው ወደ ኮሪደር ነው፤ ኮሪደሩ ደግሞ ወደ ሌላ ኮሪደር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ወንበር ቃል የተገባለት ሰው በዚያው ቀን ስለ ማራገቢያ አይነዘንዝም።

ረቡዕ

ሩጫ። ቡድን ይወጣል፣ ቡድን ይገባል። በጩኸት ድምፄ ተዘጋ። አንዷ ምልምል ቃታ በሳበች ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። "እህቴ፣ ዒላማው አይነክስሽም!" አልኳት፤ ሳቁ።

ወተት ዛሬም መጣ። ለተኩስ ክፍል ሠራተኛ በየቀኑ ወተት ይሰጣል፤ ባሩድ ያጥባል ይባላል፣ ማን እንዳለው እንጃ። አብሮኝ የሚያሰለጥነው ሽማግሌው ጋሽ ሚዛን የራሱን እዚያው ተኩስ መስመሩ ላይ ቆሞ ግጥም ያደርጋል። እኔ የኔን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ለልጄ እወስዳለሁ።

ሲያበቃ ክፍሉን እኔው ጠረግኩ። ምልምል ሲጠርግ ጥግ ጥጉን ይዘላል። ግራጫው አቧራ መብራቱ ውስጥ እንደ ዱቄት ይበራል፣ ቀለሃው ከመጥረጊያው ፊት እየተንኳኳ ይሸሻል። እዚህ ግቢ እንደ ተኩስ ክፍሌ የተጠረገ ወለል ካለ አሳዩኝ።

ቅዳሜ ማታ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ የቤታችን የፊት ክፍል ሱቁ ነው። ስለዚህ ጫጩትን የሚውልላት እሱ ነው። ጫጩት ያልናት ስትወለድ በጣም ትንሽ ስለነበረች ነው፤ ሦስት ዓመቷን ይዛለች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

ስገባ አልሮጠችም። ወትሮ በሩ ሳይከፈት ነው እግሬ ላይ የምትጠመጠመው። ዛሬ ከመስፊያ መኪናው ሥር ተቀምጣ ሆዷን ይዛለች።

"ምን ሆነች?"

"ሆዴን ትላለች። ምሳም አልበላች። ሽንት ቤትም ካየች ሰንብታለች።"

"ወተቱን ጠጣች?"

"እሱን ጠጥታለች፣ ጄኔራል። ያንቺን ወተትማ መቼ እምቢ ትላለች።" ሲያበሽቀኝ ጄኔራል ይለኛል። ከዚያ ሳቁ ጠፋና፣ "ስታመሺ እንዴት እንደማስተኛት ታውቂያለሽ? ትናንት አውልቀሽ የተውሽውን የደንብ ልብስ ጃኬት አምጣ ትላለች። እሱን አቅፋ፣ ፊቷን ቀብራበት ነው የምትተኛው። የእማ ሽታ ነው ትላለች" አለኝ።

አንጀቴን በላችኝ። እናቷን በጃኬት ለወጥኩባት ማለት ነው። ከሰኞ ጀምሮ በጊዜ እገባለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ያልኩት ስንተኛዬ ነው?

ማክሰኞ

በጊዜ አልገባሁም።

ወንዶቹ ሲያበቁ ይታጠባሉ፤ ሻወራቸው ከተኩስ ክፍሉ አጠገብ ነው። ሥራ ልብሳቸውን እዚያው ጥለው፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተቱ የሠርግ ሚዜ መስለው ይወጣሉ። የሴቶች መታጠቢያ የሚባል ነበረ። በሩ ላይ የሴት ሥዕል ዛሬም አለ፤ ውስጡ ግን የወረቀት ዒላማ እስከ ጣሪያ ተደርድሮበታል። እኔ እንደለበስኩ ነው የምሄደው።

ጋሽ ሚዛን ፀጉሩን በፎጣ እያሸ ወጣና፣ "አንቺ፣ ለምን አትጠይቂም?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ሻወሩን ነዋ! ሴት ልጅ እንዲህ አቧራ ለብሳ በታክሲ ትሄዳለች?"

"ጋሼ፣ ስመደብ ምን እንዳሉ ረሳኸው? 'ነገ ደግሞ መስታወት ግዙልኝ ትላለች' ነው ያሉት።"

"እሱ የጅል ወሬ ነው።"

"የጅል ወሬ ነው ሰውን ከወንበር የሚያወርደው።"

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። እኔ አንድም ቀን ስለ ሻወር ትንፍሽ አላልኩም፣ አልልምም። ቤቴ ውኃ አለ።

ስወጣ ከመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠራተኞች አንዱ ለጓደኛው፣ "እሷ እኮ ወንድ ናት" ሲል ሰማሁት። ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው አላውቀውም።

ዓርብ

ራስ ምታት። አፌ ውስጥ ሳንቲም የጎረስኩ ይመስለኛል፣ ዳቦው ሁሉ ብረት ብረት ይላል። ምልምሎቹ ላይ ጮህኩ። ባሌ ላይ ጮህኩ። በማይረባ ነገር ሁሉ እየነደድኩ ነው። ድካም ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። እንግዶቹ ከመጡ በኋላ እተኛለሁ።

ሰኞ

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

ጋሽ ሚዛን ስሙን ያገኘው በእጁ ነው። በጉብዝናው ጊዜ ሽጉጡ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ቃታ ይስብ ነበር፣ ሳንቲሙ አይወድቅም። ዛሬ ለምልምሎቹ አቋቋም ሊያሳይ ሽጉጡን አነሳ። ዒላማው ላይ አነጣጠረ። በዚያች ቅጽበት የእጁ አንጓ እንደ እርጥብ ጨርቅ እጥፍ አለ። ጥይቱ ወለሉን መታ። የሲሚንቶ ፍንጣሪ የዚያችን ዓይኗን የምትጨፍነዋን ልጅ ሱሪ ቀደደ። እግሯን አልነካትም። በአንድ ጣት ስፋት አልነካትም።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "አያችሁ? አያያዛችሁ ካልጠነከረ እንዲህ ነው የሚሆነው!" አልኩ። ሆን ተብሎ የተደረገ መሰላቸው። ልጅቷ ብቻ ሱሪዋን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር።

ከዚያ ጋሽ ሚዛንን ዒላማ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። የሸሚዙን ቁልፍ ሊቆልፍ ይታገላል።

"እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ልጄ።"

"ብርድ ነው ጋሼ። ዝናቡ ነው።"

"ብርድ መስሎኝ ነበር" አለ። ቁልፉን ቆለፍኩለት። ይሄን ለማንም አንናገርም ተባባልን፤ እንዲያ ያልኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱ ዝም ነው ያለው።

ሐሙስ

ዝም አላለም። ሐኪም ቤታችን ያለችው ወጣት ዶክተር ጋ ሄዶ ደም ሰጥቷል። ዛሬ ጠዋት ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። ደሙ ውስጥ እርሳስ አለ፣ የጥይቱ እርሳስ። ሲተኮስ ተኖ ይወጣል፣ ማራገቢያው ካልሳበው አየር ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ወለልና ልብስ ላይ ያርፋል። በደረቅ መጥረጊያ ሲጠረግ ተመልሶ ይነሳል። የእጁን ነርቭ ያዛለው እሱ ነው።

"አንቺም ተመርመሪ ብላለች። ደግሞ..." አለና በሩን ዘጋ። "'ከናንተ መሃል ቤቱ ትንሽ ልጅ ያለችው ማን ነው?' ብላ ጠየቀችኝ። አንቺን ነገርኳት።"

"ማን ጠየቀህ አንተን! የኔን ልጅ በዚህ ነገር ማን አግባ አለህ?"

"ጠየቀችኛ፣ እሷ።"

"እንግዶቹ ሊመጡ ነው እኮ! አሁን ይሄ ነገር ከወጣ ክፍሉን ይዘጉታል። ምን እንደሚሉ ደግሞ ታውቃለህ። 'ሴት አስገብተን ጭስ አልቻለችም' ነው የሚሉት!"

በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም። አባቴ ይሆናል። "ሱሪው የተቀደደው የዚያች ልጅ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "እግሯ ቢሆንስ ኖሮ?" ጥዬው ወጣሁ።

ዓርብ

ሰኞ እወስዳታለሁ። ሆድ ቁርጠት ልጅ ሁሉ ይይዘዋል። እኔም ልጅ ሆኜ ይዞኝ ያውቃል።

ሰኞ

ዝናብ። ታክሲ የለም። ነገ።

ረቡዕ

አዛዡ እንግዶቹ የሚቆሙበትን ቦታ መጥቶ አየ። ወለሉን አይቶ "መስታወት አስመሰልሽው" አለኝ። ዛሬ አልጠረግኩትም፤ በእርጥብ ጨርቅ ነው የወለወልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ዶክተሯ ትክክል ነች ብዬ አይደለም። ለጥንቃቄ ነው።

ወተቱን ዛሬ እዚያው ጠጣሁት፣ ቤት አልወሰድኩም። ይሄም ለጥንቃቄ።

ጃኬቱን ለባሌ "አትስጣት" ልለው ነበር። "ለምን?" ቢለኝስ? ለምን እንደሆነ ለመናገር ከየት ልጀምር? እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ ነው። ጥቂት ቀን ነው። ጥቂት ቀን ምን ያደርጋል።

ቅዳሜ

ምን እንደሚያደርግ አየሁት።

ጫጩት ወሬኛ ነበረች። ከደንበኛ ጋር ተጨቃጭቃ ዋጋ የምትናገር ልጅ ናት፤ "አይቻልም ጋሼ፣ ክሩ ተወዷል!" ትል ነበር። ዛሬ ውኃ ፈልጋ ብርጭቆውን እያየች አፏን ትከፍታለች፣ ቃሉ አይመጣም። "ው... ው..." ትላለች። ከዚያ ተናዳ ራሷን ከግድግዳው ጋር አጋጨች። ያዝኳት። ነከሰችኝ።

ባሌ መቀሱን አስቀመጠ። ድምፁን አላነሳም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ዛሬ ጋሽ ሚዛን ሱቅ መጥቶ ነበር።"

"ምን ፈልጎ?"

"ሸሚዝ አሠራ። 'ቁልፎቹን አውጣና ዚፕ ግጠምልኝ' አለኝ። የዚህ ዕድሜ ሰው በሸሚዝ ላይ ዚፕ ምን ያደርግለታል ብዬ ቀለድኩበት። እጁን ዘረጋልኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ።" መቀሱን ወደ ዳር ገፋው። "ሐሙስ ነግሬያታለሁ አለኝ። ያለፈው ሳምንት ሐሙስ።"

"ሰኞ ልወስዳት ነበር።"

"የትኛው ሰኞ?"

እሱ ያንን ጃኬት በልጅቷ ሥር እያነጠፈ ያስተኛት ነበር፣ ሳያውቅ። እኔ እያወቅኩ ዝም አልኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እያወቅኩ! "በገዛ እጄ ነው የሰጠኋት" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የሱ አይደለም፣ የኔ ነው ልለው ፈለግኩ፣ ቃሉ እኔም ጋ አልመጣም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የልጁን የደበቀስ ምን ይባላል?

ማክሰኞ

ትናንት ሦስታችንም ደም ሰጠን። ዛሬ ውጤቱ መጣ።

የኔ ከፍ ያለ ነው። የባሌ ጥቂት። የጫጩት ግን... ዶክተሯ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው።

"የደንብ ልብስዎን የት ነው የሚያወልቁት?" አለችኝ።

"ቤት።"

"መሥሪያ ቤት ሻወር የለም?"

"ለወንዶቹ አለ።"

"እርስዎስ?"

"አልጠየቅኩም።"

ቀና ብላ አየችኝ። ባሌ ጃኬቱን ነገራት፣ አቅፋው እንደምትተኛ። መጻፏን አቆመች። ወተቱንም ጠየቅኳት፣ እንደ ጅል። "ወተት ባሩድ አያጥብም፤ ያው ምግብ ነው" አለችኝ። ከአቧራማ ቦርሳ በአቧራማ እጅ ወጥቶ የተሰጠ ምግብ።

"ቃሏ ይመለሳል?" አልኩ።

"ካቆምነው ብዙው ይመለሳል። ሁሉም ብዬ አልዋሽዎትም። ከምንጩ ካልራቀች ግን የምሰጣት መድኃኒት ዋጋ የለውም። ጋሽ ሚዛንን አይቻለሁ፣ እርስዎን አየሁ። እነዚያ ምልምሎችስ? እነሱም ቤት የላቸውም?"

ከዛሬ ጀምሮ ሕግ ወጣ፤ አውጪው ባሌ ነው። ልብሴን ግቢ ውስጥ አወልቃለሁ፣ ቧንቧው ሥር እታጠባለሁ፣ ንጹሕ ልብስ ደጃፍ ላይ ይጠብቀኛል። ጫጩትን አስተማራት፣ "እማ ሳትታጠብ አትነኪያትም፣ እሺ?" እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ታየኛለች። ማታ ከሥራ ስገባ ልታቅፈኝ መጣችና ራሷ ቆመች። አልቅሼ ታጠብኩ፣ ታጥቤ አለቀስኩ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ሐሙስ

እንግዶቹ ዛሬ መጡ። ምልምሎቹ መስመር ይዘው፣ ጆሯቸውን ሸፍነው፣ እኔን ይጠብቃሉ። በተኩስ ክፍል ውስጥ አሰልጣኙ "ተኩስ" ሳይል አዛዡም ቢሆን ቃታ አይስብም። ሽጉጦቹ ተነስተዋል። ያቺ ልጅ ሱሪዋን ሰፍታዋለች፣ ዛሬ ዓይኗን አልጨፈነችም።

"መሣሪያ አውርዱ" አልኩ። "ካዝና አውጡ። ክፍሉን ልቀቁ።"

ወጡ። ጭራሽ ደስ ብሏቸው ነው የወጡት፣ ልምምድ መስሏቸው። አዛዡ ለእንግዶቹ ፈገግ ብሎ እኔን ወደ ጥግ ሳበኝ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ክፍሉን ዘግቼዋለሁ ጌታዬ። ማራገቢያው እስኪሠራ።"

"በሰው ፊት? ዛሬ? ሳጅን፣ አብደሻል?"

"ጌታዬ፣ ሻወር የለኝም።"

"ምን?"

"የሴቶቹ ሻወር ውስጥ ዒላማ ነው ያለው። አቧራውን ለብሼ ነው ቤቴ የምገባው። የጥይቱ እርሳስ የልጄ ደም ውስጥ ገብቷል። የነዚህም ልጆች ቤት ይገባል። መጠየቅ የነበረብኝ ገና ስመደብ ነው፤ አልጠየቅኩም። አሁን ጠየቅኩ።"

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ያንን የምፈራውን ቃል ተናገረው፣ ቃል በቃል። "ነግረውኝ ነበር፣ ሴት አታስገባ ብለው ነግረውኝ ነበር።"

የሚገርመው፣ አላመመኝም። ስንት ጊዜ በሕልሜ ሰምቼዋለሁ፤ ሲመጣ ባዶ ቆርቆሮ ነው። "ጋሽ ሚዛን፣ ና ተካት፣ አስተኩስ!" አለ አዛዡ። ጋሽ ሚዛን ባለ ዚፕ ሸሚዙን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ። እጁ ተነሳ፣ መዳፉ ግን ወደታች እንደተንጠለጠለ ቀረ። "በየትኛው እጄ ጌታዬ?" አለ። ከእንግዶቹ አንዷ ጠጋ ብላ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት።

የተኩስ ክፍሉን ቁልፍ አዛዡ እጅ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ደረጃውን ግድግዳ ይዤ ነው የወጣሁት።

ረቡዕ

ክፍሉ ታሽጓል። ዶክተሯ የምልምሎቹን ሁሉ ደም እየወሰደች ነው። እኔ ትዕዛዝ በመጣስ እጠየቃለሁ፤ ወንበሩ ከሌላ ክፍል ለመጣ ሰው ተሰጥቷል። ዒላማዎቹን ከሴቶቹ ሻወር እያወጡ ነው አሉ። ማን እንደሚታጠብበት ግን እንጃ፣ እኔ እዚያ አልመለስም ይሆናል። ይቆጨኛል። ልዋሽ? በጣም ይቆጨኛል። ወንበሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ምን ዓይነት ስፖንጅ እንዳለው ሁሉ አውቃለሁ።

ቅዳሜ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ስጠየቅ ነው የዋልኩት። "ለምን ቀደም ብለሽ አላሳወቅሽም?" አሉኝ። እውነቴን መለስኩ። ጻፉት።

ቤት ስደርስ ዝናቡ አባርቷል። የደንብ ልብስ አልለበስኩም፤ ቀሚስ ነው የለበስኩት። ከተኩስ ክፍሉ በር አጠገብ እንኳ አላለፍኩም። ስለዚህ ቧንቧውን አልፌ ቀጥ ብዬ ገባሁና እጄን ዘረጋሁላት።

ጫጩት ተነሳች። ሁለት እርምጃ መጣችና ቆመች። እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች። አፏ ተከፈተ፣ ትንሽ ታገለች፣ ባሌ መኪናውን መርገጥ አቆመ።

"ታጠብሽ?" አለች።

ጥርት አድርጋ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሙሉ ቃል። ባሌ "ኧረ ልጄ!" ብሎ ተነሳ፣ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎበት። እኔም ስቄያለሁ መሰለኝ። "ዛሬ ንጹሕ ነኝ የኔ ጫጩት፣ ዛሬ ሥራ አልገባሁም፣ ነይ" አልኳት።

አልመጣችም። ራሷን ነቀነቀች፣ በፍርሃት ታየኛለች፣ እጇ አሁንም ከኋላዋ ነው። "ታጠብሽ?" አለች እንደገና።

ምን ብዬ ልከራከራት? ተመልሼ ወጣሁና ታጠብኩ።